አሸዋ በስንት ይሸጣል? የሮበርት ኖይስ ሕይወት እና የቺፕ ዋጋ

አዲስ ውድ ስልክ ወይ ግራፊክስ ካርድ በወጣ ቁጥር የማይቀር ክርክር አለ። አንዱ ዕቃውን ይፈታታና የስክሪኑን፣ የባትሪውን፣ የሚሞሪውን፣ የፕሮሰሰሩን ዋጋ አንድ በአንድ ይደምራል። ድምሩ ከመሸጫው ዋጋ በጣም ያንሳል። ከዛ ይሄ ንግድ ነው ወይስ ዝርፊያ የሚለው ጥያቄ ይከተላል። እኛ ጋ ደግሞ ምንዛሪውና ቀረጡ ሲጨመርበት ነገርዬው የበለጠ ያንገበግባል።

ዛሬ የማወራችሁ ሰውዬ ከዚህ ጥያቄ ጋር ዕድሜውን ሙሉ የኖረ ነው። ሮበርት ኖይስ ይባላል። ስልካችሁ ውስጥ ያለውን ዓይነት ቺፕ ለመሥራት የሚያስችለውን ዘዴ ፓተንት ያወጣው እሱ ነው፤ ኢንቴልን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱም እሱ ነው። እኔን የሳበኝ ግን ፈጠራው ብቻ አይደለም። ይሄ ሰው በአንድ ወቅት ቺፕን ከወጪው በታች ሸጦ ገበያውን ገለበጠው፤ ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ ሌሎች ከወጪ በታች እየሸጡ ጨረሱን ብሎ ዋሽንግተን ደጅ ጠና። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።

ኖይስ የተወለደው በ1927 አይዋ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ነው። አይዋ ማለት በቆሎና አሳማ ነው። አባቱ የፕሮቴስታንት ፓስተር ነበሩ፣ በቤቱ አራት ወንዶች ልጆች ነበሩ፣ እሱ ሦስተኛው። ያደገው ግሪኔል በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። 12 ዓመቱ ላይ ከወንድሙ ጋር ልጅ የሚሸከም ሞተር አልባ አውሮፕላን ሠርተው ከጣሪያ ላይ አበረሩት። እንግዲህ ልጁ ምን ዓይነት እንደሆነ ከዚህ ገምቱ።

ኮሌጅ እያለ ደግሞ በ1948 አሳማ ሰረቀ። ቀልድ አይደለም። የተማሪዎቹ ማደሪያ የሃዋይ ዓይነት ድግስ ያዘጋጅ ነበርና የሚጠበስ አሳማ ያስፈልጋል። ኖይስና አንድ ጓደኛው በሌሊት ከአንድ ገበሬ ግቢ አሳማ ይዘው መጡ፣ ድግሱም ሞቅ አለ። በማግስቱ ሕሊናቸው ሲቆረቁራቸው ዋጋውን ልንከፍል ብለው ገበሬው ቤት ሄዱ። ገበሬው ለካ የከተማዋ ከንቲባ ናቸው! በዛ አገር ከብትና አሳማ መስረቅ እስር ቤት የሚያስገባ ወንጀል ነው። የፊዚክስ መምህሩ ግራንት ጌል ለምነው ነገሩ በካሳ አለቀ፤ ልጁ ግን ለአንድ ሴሚስተር ታገደ። ያንን ጊዜ ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ያሳለፈው ሰው ስንት ዓመት እንደሚኖር በቁጥር ሲሰላ እያየ ነው። ነገን በቁጥር መወራረድ የሚባለውን ነገር እዛ ሳይለምደው አልቀረም ብዬ አስባለሁ።

መምህሩ ጌል ሌላም ውለታ ውለውለታል። ትራንዚስተር የሚባለው ነገር ገና እንደተፈጠረ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂቶቹን አግኝተው ወደዛች ትንሽ ኮሌጅ አመጡ። ትራንዚስተር ማለት ኤሌክትሪክን የሚያበራና የሚያጠፋ በጣም ትንሽ ማብሪያ ነው፤ የዛሬ ስልክ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር አለ። ኖይስ ያኔ አየው፣ በቃ ሕይወቱ እሱ ሆነ። በ1953 ከኤምአይቲ ዶክትሬቱን ያዘ፣ ፊላደልፊያ ውስጥ ጥቂት ሠራ፣ በ1956 ከትራንዚስተር ፈጣሪዎቹ አንዱ የሆነው ዊልያም ሾክሊ ካሊፎርኒያ ውስጥ ድርጅት ሲከፍት ተቀጠረ። ሾክሊ በዛው ዓመት ኖቤል ያሸነፈ ሊቅ ነው፣ አለቃነት ላይ ግን አይጣል ነበር። ስምንት ወጣቶች አንድ ላይ ሆነው ጥለውት ወጡ። ኖይስ ከስምንቱ አንዱ ነው።

ስምንቱ እያንዳንዳቸው 500 ዶላር አዋጡ። ትልቁን ገንዘብ የሰጣቸው የፌርቻይልድ ኩባንያ ባለቤት ሸርማን ፌርቻይልድ ነው። ኖይስ ሀብታሙን ያሳመነበት ሐሳብ የዛሬው ጽሑፌ እምብርት ነው ማለት ይቻላል። ትራንዚስተር የሚሠራው ከሲሊከን ነው፣ ሲሊከን ደግሞ ከአሸዋ ይወጣል። እና ጥሬ ዕቃው አሸዋና ቀጭን ሽቦ ከሆነ ዋጋው እንዳለ ያለው አሠራሩ ላይ ነው ማለት ነው። አሠራሩን የያዘ ሰው ዋጋውን ወደ ታች እያወረደው ሊሄድ ይችላል፤ አንድ ቀን ደግሞ ሰው የተበላሸ መሣሪያ ከማስጠገን አዲስ መግዛት ይቀለዋል። ይሄ የተባለው በ1957 ነው። ስልኩን ጥገና ወስዶ አዲስ ግዛ የተባለ ሁሉ ትንቢቱ ደርሶበታል።

አሁን የመጀመሪያውን ሽያጭ እዩት። ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር የመጀመሪያ ትዕዛዙን በ1958 ከአይቢኤም አገኘ። ትዕዛዙ 100 ትራንዚስተር ነው፣ እያንዳንዱ በ150 ዶላር። ያኔ 150 ዶላር ለአንድ አሜሪካዊ የፋብሪካ ሠራተኛ ከሳምንት ደሞዝ በላይ ነበር። ከጥፍር ለማይበልጥ የአሸዋ ዘር! ጥሬ ዕቃውን ብቻ ብትደምሩት ከዚህ የበለጠ ዝርፊያ በታሪክ የለም።

ግን አይቢኤም ሞኝ አልነበረም። ትራንዚስተሮቹ የሚገቡት ለቦምብ ጣይ አውሮፕላን በሚሠራ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ሌሎች ሻጮች የነበራቸው ዕቃ ሙቀቱንም ፍጥነቱንም አንድ ላይ አይችልለትም። አማራጭ የሌለው ገዢ የተባለውን ይከፍላል።

ሌላም ነገር አለ፤ ክፍሉን ፈትቶ የሚደምር ሰው የማያየው ነገር። ቺፕም ትራንዚስተርም የሚሠራው ነጠላ ነጠላ ሆኖ አይደለም። ዋፈር በሚባል ስስ ክብ የሲሊከን ሰሌዳ ላይ ብዙው አንድ ላይ ይሠራና በኋላ ይቆራረጣል። ትንሽ አቧራ ካረፈች የነካችው ሁሉ ሞተ። 100 ዳቦ ጋግሮ 80ው ያረረበትን ዳቦ ጋጋሪ አስቡት። የተረፉት 20 ዳቦዎች የ100ውን ዱቄትና የ100ውን ማገዶ ወጪ ተሸክመው ነው ገበያ የሚወጡት። በሚቀጥለው ወር ሙያው ተሻሽሎ የሚያርሩት 40 ብቻ ቢሆኑ፣ ዱቄቱ ሳይረክስ የአንዱ ዳቦ ወጪ ወደ ሲሶ ይወርዳል። እና የቺፕ ወጪ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ በየትኛው ወር ተብሎ ካልተጨመረበት መልስ የለውም። ኖይስ ይሄን ከብዙ ነጋዴ ቀድሞ ገብቶታል።

በ1959 ሁለት ነገር ሆነ። ከስምንቱ አንዱ ዣን ሆርኒ ትራንዚስተሩን በራሱ መከላከያ ሽፋን ስር ጠፍጣፋ አድርጎ የሚሠራበትን ዘዴ አመጣ። ኖይስ ደግሞ በዛ ላይ ተነስቶ ብዙ ትራንዚስተሮችን ከነማገናኛ ሽቦዎቻቸው በአንድ ሲሊከን ላይ ማተም እንደሚቻል ጻፈ፤ ሐምሌ 1959 ለፓተንት አመለከተ። ቺፕ ማለት ይሄ ነው። ከእሱ በፊት ቴክሳስ ውስጥ ጃክ ኪልቢ የሚባል ሰው በ1958 ሌላ ዓይነቱን ሠርቶ ነበር፣ ድርጅቶቹም ለዓመታት ተካሰሱ። ዛሬ ሁለቱም ፈጣሪ ተብለው ይጠራሉ። ኪልቢ በ2000 ኖቤል ተሸልሟል፤ ኖይስ ግን ያኔ ከሞተ 10 ዓመቱ ነበር፣ ኖቤል ደግሞ ለሞተ ሰው አይሰጥም። በነገራችን ላይ 500 ዶላር ያዋጡት ስምንቱ ልጆች ሸርማን ፌርቻይልድ ድርሻቸውን ሲገዛቸው እያንዳንዳቸው ወደ 250 ሺህ ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ደርሷቸዋል። ሁለት ዓመት ብቻ ነው የፈጀው።

ቺፑ ተፈጠረ፣ ገዢ ግን የለም። በ1962 የአንድ ቺፕ አማካይ ዋጋ 50 ዶላር ነበር። የሚገዛው ጦር ሠራዊቱና ሰው ጨረቃ ላይ ሊያወጣ የተነሳው የአፖሎ ፕሮጀክት ነው፤ እነሱ ክብደቱን እንጂ ዋጋውን አያዩም። የንግድ ኮምፒውተር የሚሠሩት ድርጅቶች ግን በትክክል ያ ዛሬ እናንተ የምታውቁትን ሒሳብ ነው የሚሠሩት። ቺፑ ውስጥ ያለውን ትራንዚስተርና ሌላ ሌላውን ለየብቻ ገዝቼ በራሴ ሠራተኛ ባስበይደው ስንት ይፈጅብኛል ይላሉ። የራሳቸው ሥራ በብዙ እጥፍ ይረክሳል። ስለዚህ አይገዙም። ካልገዙ ፋብሪካው በብዛት አያመርትም፣ በብዛት ካላመረተ ሙያው አይሻሻልም፣ ካልተሻሻለ ደግሞ ዋጋው አይወርድም። እንዲህ ታስሮ ቆመ።

በ1964 ኖይስ የፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር ሥራ አስኪያጅ ነበር። አንዳንድ ቀላል ቺፖቹን፣ ገዢው ክፍሎቹን ለየብቻ ቢገዛ ከሚያወጣው ባነሰ ዋጋ እንዲሸጡ ወሰነ። ይሄ ዋጋ ፌርቻይልድ ራሱ ቺፑን ለመሥራት ከሚያወጣው በታች ነው። በሌላ አነጋገር አንዱን በሸጠ ቁጥር ይከስራል። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ዋጋው ከረከሰ ትዕዛዝ ይጎርፋል፣ ትዕዛዝ ከጎረፈ ያረሩት ዳቦዎች ይቀንሳሉ፣ ወጪው ራሱ ወርዶ ከዋጋው ስር ይገባል። የዛሬን ሳይሆን የነገን ወጪ ነው ዋጋ አድርጎ የለጠፈው።

ካልወረደስ? ድርጅቱ ያልቅለት ነበር።

ወረደ። ዓመት ሳይሞላ ለፌርቻይልድ የ500 ሺህ ቺፕ ትዕዛዝ በአንድ ጊዜ መጣለት፤ ያ አንድ ትዕዛዝ ብቻውን ኢንዱስትሪው በሙሉ ባለፈው ዓመት ካመረተው 20 በመቶ ያህል ነው። በ1966 ደግሞ በርሮውስ የተባለው የኮምፒውተር ድርጅት 20 ሚሊዮን አዘዘ። የቺፕ አማካይ ዋጋ በ1968 2 ዶላር ከ33 ሳንቲም ደርሶ ነበር፤ ከ50 ዶላር በስድስት ዓመት። ሥራ ባልደረባው ጎርደን ሙር በኋላ ሲያስበው ይሄ የዋጋ ውሳኔ ለኢንዱስትሪው ከቺፑ ፈጠራ እኩል ትልቅ ነገር ነበር ብሎ ያምን ነበር።

በዛው ዘመን የሆነ አንድ ሌላ ነገር አለ፣ እኔ በጣም የምወደው። ፌርቻይልድ ለጦሩ በ150 ዶላር የሚሸጠው፣ ለመሥራት ደግሞ 100 ዶላር ያህል የሚፈጅ ትራንዚስተር ነበረው። ለቴሌቪዥን አምራቾች ለመሸጥ ግን የሚወዳደረው 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም ከሆነ የመብራት ዓይነት ቱቦ ጋር ነው። በ1.05 እንሽጠው ተባለ። አያችሁ አይደል፣ 100 የፈጀውን በ1! ማሸጊያውን ከብረት ወደ ፕላስቲክ ቀየሩት፣ የጦሩን ፍተሻ አስቀሩት፣ በገፍ አመረቱት። ከጥቂት ዓመት በኋላ በአሜሪካ የዚህ ዕቃ ገበያ አብዛኛው የእነሱ ሆነ። ያኔ ዕቃውን ሲሸጥ የነበረው ወጣት ጄሪ ሳንደርስ በኋላ ኤኤምዲን ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ ጌም የምትጫወቱ ታውቁታላችሁ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም። ያው አንድ ዕቃ ለአንዱ 150፣ ለሌላው 1.05 ሲሸጥ ትክክለኛው ዋጋው የቱ ነው? ጦሩ ተዘረፈ? ወይስ ቴሌቪዥን ሻጩ ተመጸወተ? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም አይደለም። ሁለቱም ዋጋ የተነሳው ገዢው ሌላ ምን አማራጭ አለው ከሚለው ነው፤ ወጪው ከኋላ ተጎትቶ ነው የመጣው። ክፍሎቹን ደምረን ትክክለኛውን ዋጋ እናገኛለን የምንለው ነገር የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ይሄ ማለት ግን ሻጩ ሁሌ ንጹህ ነው ማለት አይደለም፣ ወደዛ እመጣለሁ።

በ1968 ኖይስና ሙር ፌርቻይልድን ለቀው ኢንቴልን መሠረቱ። አርተር ሮክ የሚባል ገንዘብ አሰባሳቢ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበላቸው። ኖይስ እንደ አለቃ ለየት ያለ ነበር፤ ለአለቆች የተለየ መኪና ማቆሚያ አልፈቀደም፣ የራሱም ጠረጴዛ ያገለገለ የብረት ጠረጴዛ ነበር። የፓስተር ልጅ መሆኑ ሳይሆን አይቀርም።

ኢንቴል መጀመሪያ የተነሳው ሚሞሪ ለመሥራት ነው። ያኔ የኮምፒውተር ሚሞሪ ማለት ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶችን በሽቦ እየሰኩ በእጅ የሚሠሩት መረብ ነበር። የጉልበት ሥራ ስለሆነ ደግሞ ዋጋው እንደልብ አይወርድም። በ1970 ኢንቴል 1,024 ቢት የሚይዝ ቺፕ በቢት 1 ሳንቲም ሒሳብ አወጣ። 1,024 ቢት ማለት የአንድ አጭር ቴክስት ያህል ነው። ለዛ 10 ዶላር! ዛሬ በዛ ሒሳብ አንድ 8 ጊጋባይት ራም ብናስላ ወደ 690 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል። ለዛን ጊዜው ገዢ ግን የማግኔቱን ገበያ የገለበጠ ርካሽ ዋጋ ነበር።

ከዛ ፕሮሰሰሩ መጣ፣ እሱም በዋጋ ጭቅጭቅ ነው የመጣው። ቢዚኮም የሚባል የጃፓን ካልኩሌተር አምራች ኢንቴልን ቺፕ እንዲሠራለት አዘዘ፤ በውሉ መሠረት ዕቃው ለእሱ ብቻ ነው የሚሸጠው። እነ ቴድ ሆፍና ፌዴሪኮ ፋጂን ለካልኩሌተሩ የተለየ ቺፕ በመሥራት ፈንታ በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ኮምፒውተር አደረጉት። 4004 ይባላል፣ 2,300 ትራንዚስተር አለው። በመሐል የካልኩሌተር ገበያ ዋጋው ወደቀና ቢዚኮም ቅናሽ ጠየቀ። ኢንቴሎች ቅናሹን ሰጡ፣ 60 ሺህ ዶላርም መለሱ፤ በለውጡ ቺፑን ለሌላ የመሸጥ መብት ወሰዱ። ኅዳር 1971 ለገበያ ቀረበ። ያኔ ቢዚኮም ቅናሹ በጣም የጠቀመው ይመስለው ነበር። እኔ ከዚህ የባሰ ውድ ቅናሽ አላውቅም።

አሁን ወደ ሻጩ ንጽህና እንምጣ። በ1974 ኢንቴል 8080 የሚባለውን ፕሮሰሰር አወጣ። ለአንድ ፍሬ ገዢ ዋጋው 360 ዶላር። ለምን 360? የአይቢኤም ትልልቅ ኮምፒውተሮች ሲስተም 360 ይባሉ ስለነበር ኢንቴል ውስጥ እንደ ቀልድ የተመረጠ ቁጥር ነው ይባላል። በ1975 መጀመሪያ ኤድ ሮበርትስ የሚባል ሰው አልቴር የተባለውን፣ ቤት ውስጥ የሚገጣጠም ኮምፒውተር በ397 ዶላር ለቀቀ። ውስጡ ያለው 8080 ነው። ሰው ግራ ተጋባ፤ ፕሮሰሰሩ ብቻውን 360 ከሆነ፣ ሳጥኑ፣ የኃይል ሰጪው፣ ማብሪያዎቹ ሁሉ በ37 ዶላር ተሠሩ እንዴ? አልተሠሩም። ሮበርትስ በብዛት እገዛለሁ ብሎ አንዱን በ75 ዶላር ነበር የሚወስደው።

ያው ቺፕ ነው። ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ሰሌዳ ላይ የተቆረጠ። ጅምላና ችርቻሮ ልዩነት አለው፣ ይገባኛል፤ መርካቶም አለው። ግን በአምስት እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት የወጪ ልዩነት አይደለም። 360ው የተለጠፈው የሚከፍል ስላለ ነው። እዚህ ላይ ክፍሉን ደምሮ የሚናደደው ሰው እውነት አለው፤ ቁጥሩ ከዕቃው ወጪ የተነሳ አይደለም። ኖይስ በ1964 ወደ ታች የተጠቀመበት ነፃነት እዚህ ጋ ወደ ላይ ሠራ።

ያንን ዋጋ ማን አወረደው? መንግሥት አይደለም፣ የገዢ ቁጣም አይደለም። መስከረም 1975 ቻክ ፔድል የሚባል መሐንዲስ ከሞቶሮላ ወጥቶ በሌላ ድርጅት የሠራውን 6502 የተባለ ፕሮሰሰር ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ የሆቴል ክፍል ይዞ በ25 ዶላር መሸጥ ጀመረ። በትልልቅ የመስታወት ማሰሮ ሞልቶ አስቀመጠው፣ በገፍ የተመረተ እንዲመስል። ለካ ማሰሮው ውስጥ ከስር ያሉት የማይሠሩ ናቸው፣ ያረሩት ዳቦዎች! ከላይ ያሉት ግን ይሠራሉ። ሞቶሮላ በወሩ 175 ዶላር የነበረውን የራሱን ፕሮሰሰር 69 አደረገው። የሞቶሮላ ፋብሪካ በዛ ወር የተለየ ተአምር አልሠራም፤ ተፎካካሪ ነው የመጣበት። ስቲቭ ዎዝኒያክ የመጀመሪያውን አፕል የሠራው በዛ በረከሰው 6502 ነው።

ስለ አፕል ካነሳን፣ ወጣቱ ስቲቭ ጆብስ የኖይስን ቤት ያዘወትር ነበር፤ ሳይጠራ እየመጣ ምክር ይጠይቃል። ከሽማግሌው ብዙ ወስዷል ይባላል፣ ዋጋ ላይ ግን የሄዱበት መንገድ ለየቅል ነው። በ1984 የመጀመሪያው ማኪንቶሽ 1,995 ዶላር ሊሸጥ ታስቦ በመጨረሻ 2,495 ሆኖ ወጣ። የተጨመረው 500 ዶላር ውስጥ አንድም ተጨማሪ ቺፕ የለም፤ ለማስታወቂያው ወጪ ነው። ጭማሪውን ያስወሰነው ዋና ሥራ አስኪያጁ ጆን ስካሊ ነበር፤ ጆብስ ራሱ ባይስማማም አልፏል።

ኖይስ በዚህ ጊዜ የኢንቴልን የዕለት ሥራ ለሙር ትቶ የኢንዱስትሪው አፈ ቀላጤ ሆኗል። በ1977 የአሜሪካ ቺፕ አምራቾችን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነው። እና ጃፓኖች መጡ።

ጃፓኖቹ የመጡት በሚሞሪ ነው፣ ኢንቴል በተወለደበት ዕቃ። ርካሽ ብቻ አልነበሩም። በ1980 ኤችፒ የገዛቸውን ሚሞሪዎች ፈትሾ የጃፓኖቹ ብልሽት ከአሜሪካኖቹ በጣም ያነሰ እንደሆነ በአደባባይ ተናገረ፣ ካሊፎርኒያ ደነገጠች። ከዛ ዋጋው ተንሸራተተ፤ በ1985 ኢንቴል ከዋናው የሚሞሪ ገበያ ጨርሶ ወጣ፣ ሠራተኞችም በሺዎች ተቀነሱ። በዛው ዓመት ኢንቴልና ሌሎች የአሜሪካ ድርጅቶች ጃፓኖች ቺፕ ከወጪ በታች እየሸጡ ነው ብለው ለመንግሥት አመለከቱ። ኖይስ ራሱ ዋሽንግተን እየተመላለሰ ባለሥልጣን አነጋገረ።

ከ1964 ጋር አስተያዩት እንግዲህ። ከወጪ በታች ሽጦ ገበያ መያዝ እሱ ሲያደርገው የዘመኑ ምርጥ ውሳኔ ነበር። ጃፓኖች ሲያደርጉት ወንጀል ሆነ። ለእሱ የሚቆሙ ሰዎች ልዩነት አለው ይላሉ፤ እሱ የሸጠው ገና ገበያ ያልነበረውን ነገር ነው፣ ከትልልቅ የጃፓን ድርጅቶች ጀርባ ደግሞ ርካሽ ብድርና የመንግሥት ድጋፍ ነበር፣ የራሳቸውንም ገበያ ዘግተው ነበር። ከፊሉ እውነት ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ይታየኛል፤ ጠረጴዛው ሲዞር ወጪን መደመር የሚጠላው ሰው ራሱ ወጪ ይደመርልኝ አለ።

ተደመረለትም። በ1986 ሁለቱ መንግሥታት ተስማሙና የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር ለእያንዳንዱ የጃፓን ድርጅት ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ ማውጣት ጀመረ። አሠራሩ ወጪን አስልቶ 8 በመቶ ትርፍ መጨመር ነው። ውድ ስልክ ፈትተን ስንደመር የምንመኘው ዓይነት ዋጋ ማለት ነው፣ በመንግሥት ማኅተም። ውጤቱ? ሚሞሪ ተወደደ፣ በ1988 ደግሞ ጭራሽ ጠፋ። የአሜሪካ ኮምፒውተር አምራቾች ጮሁ፣ ገዢው ከፈለ። ትርፉ በአብዛኛው የሄደው ደግሞ ዋጋቸው ከፍ እንዲል ወደተገደዱት ወደ ጃፓን ድርጅቶቹ ነው። እነሱም በገንዘቡ ቀጣዩን ትውልድ ቺፕ ሠሩ። ኢንቴል ወደ ሚሞሪው አልተመለሰም፤ የዳነው በፕሮሰሰር ነው፣ ያውም እንደ እሱ የሚሠራ ሁለተኛ ሻጭ እንዳይኖር በማድረግ።

በ1988 ኖይስ 60 ዓመቱ ነው፣ ሀብታም ነው፣ ዋና ይዋኛል፣ የራሱን አውሮፕላን ያበራል። ጡረታ መውጣት ሲችል ሴማቴክ የሚባለውን ድርጅት ሊመራ ወደ ኦስቲን ቴክሳስ ሄደ። ሴማቴክ 14 የአሜሪካ ድርጅቶችና መንግሥት አንድ ላይ የከፈቱት ነው፤ ዓላማው የቺፕ ማምረቻውን ሙያ ማሻሻል ነው። ከዋጋ ክርክር ወጥቶ ወደ ምድጃው ተመለሰ ማለት ይቻላል። ሰኔ 3 ቀን 1990 በልብ ድካም በድንገት ሞተ። 62 ዓመቱ ነበር።

ከሞተ ዓመት ሳይሞላው፣ በ1991፣ ኢንቴል 486ኤስኤክስ የሚባል ረከስ ያለ ፕሮሰሰር አወጣ። ከውዱ 486 የሚለየው ከባድ ሒሳብ የሚሠራው ክፍል ስለሌለው ነው ተባለ። መጀመሪያ ላይ ለገበያ የወጡት ውስጥ ግን ክፍሉ አለ፤ እንዳይሠራ ተደርጎ ነው የተሸጠው። አንዳንዱ ላይ ክፍሉ ተበላሽቶ ስለነበር ቺፑን ከመጣል መሸጥ ይሻል ነበር፣ ይሄ አያስቀይምም። ሌላው ግን ደህና ነበር። ክፍሉን የፈለገ ገዢ ደግሞ 487 የሚባል ተጨማሪ ቺፕ ገዝቶ ከጎኑ ይሰካል። 487 ራሱ ሙሉው 486 ነው። ሲሰካ የድሮውን ያጠፋውና ሥራውን ሁሉ ብቻውን ይሠራል።